ቅጥቅጥ፦ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የሚሠራው አውቶቡስ

አዳማ መናኸሪያ የገባ የአርሲ መንገደኛ፣ ረዳቶቹ «አሰላ! አሰላ!» እያሉ ከሚጠሩባቸው መኪኖች አንዱን ልብ ሳይለው ይሳፈርበታል። ፊቱ የአይሱዙ ነው። ከጋቢናው ወዲያ ያለው ግን፣ መስኮቱም ጣሪያውም የኋላ መሰላሉም፣ ከጃፓን አልመጣም። እዚሁ አገር፣ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ባለ ጋራዥ፣ ቱቦላሬና ላሜራ ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» ይለዋል። መኪና እወዳለሁ ባዩ ሁሉ ስለ ላንድክሩዘር ሲያወራ ይውላል፤ ስለዚህ ሙያ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። ባለንብረቱ ኤንፒአር የተባለውን አይሱዙ ከነሞተሩና ከነጋቢናው ይገዛል። በአገራችን መንገድ በብዛት የሚታየው ኤንፒአር 71 ባለ 4 ሲሊንደር፣ 4,570 ሲሲ የናፍጣ ሞተር አለው። ጋራዡ በሻንሲው ላይ የወለል አጥንት ይዘረጋል፣ ምሰሶ ያቆማል፣ ጣሪያ ያጎብጣል፣ ላሜራ ያለብሳል። ከዚያ መስታወት፣ ሃያ ምናምን ወንበርና ቀለም ይከተላል። አሮጌ መኪና ተጠጋግኖ የተሠራ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ቦዲው ግን ከመጀመሪያው ቱቦላሬ ጀምሮ አዲስ ነው።

ሻንሲ ገዝቶ ቦዲ ማሠራት የድሃ አገር ዘዴ ብቻ አይደለም። ሮልስ ሮይስ ራሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሻንሲና ሞተር ብቻ ይሸጥ ነበር፤ ቦዲውን ሌሎች ድርጅቶች ይሠሩለታል። የናይሮቢ ማታቱዎችም ብዙዎቹ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ የኬንያ ባለሙያዎች የሠሯቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ዳይናኮርን የተባለ ኩባንያ የ1967ቱን ሙስታንግና የ1969ኙን ካማሮ ቦዲ እንደ አዲስ እያስመረተ ይሸጣል። ባለ ገንዘቡ ባዶውን ቦዲ ገዝቶ ሞተርና ካምቢዮ ይገጥምበታል።

የአሜሪካኖቹ ሥራ ከቅጥቅጡ ጋር የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ሙስታንግ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ተበያይዞ አንድ የሆነው ቦዲው ራሱ ነው። እዚያ ብየዳ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቅጥቅጥ ላይ ግን ሸክሙ የሻንሲው ነው፤ ቦዲው ከላይ የተቀመጠ እንግዳ ነው። ሁለቱን ያምታታ ባለንብረት ጋራዥ ገብቶ «ቦዲውን ከሻንሲው ጋር ግጥም አድርገህ በይድልኝ፣ እንዲጠነክር» ይላል። ብዙ ቅጥቅጥ የሚበላሸው በዚህች አንዲት ትእዛዝ ነው።

የኤንፒአር ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጉ፣ በአግዳሚዎች የተያያዙ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። ብረቶቹ ዝግ አይደሉም፤ ከላይ፣ ከታችና ከአንድ ጎን ተከድነው በውስጥ በኩል ክፍት ናቸው። እንዲህ የሆኑት ታስቦበት ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ በገጠሩ ጥርጊያ መንገድ የሚሄድ መኪና የግራ የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ የግራ የኋላው ጉድጓድ ይገባል፤ ሻንሲው ይጠማዘዝና ተመልሶ ይስተካከላል። ባሌስትራው ያልቻለውን እሱ ይውጠዋል። በብየዳ የታሰረ ሻንሲ ግን እንደ ልቡ መጠማዘዝ አይችልም። ጉልበቱ ሁሉ ብየዳው በቆመበት ጫፍ ይከማቻል፤ ቀጭን ሽቦ አንድ ቦታ ላይ እያመላለሱ ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብረቱም እዚያው ላይ ይደክማል። ብየዳው ባለፈበት ዙሪያ ደግሞ የብረቱ ጠባይ ራሱ በሙቀት ተቀይሯል። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፤ ቆይቶ ዝገት ከዚያ መስመር እየወረደ ቀለሙን ያበላሻል። ባለንብረቱ ይህን ሲያይ ተጨማሪ ብረት አምጥቶ እላዩ ላይ ያስበይዳል። ስንጥቁም ከአዲሱ ብረት ጫፍ እንደገና ይጀምራል።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው በዩ-ቦልት ያስራል። የወለሉ አጥንት በሻንሲው ላይ ይቀመጥና ዩ-ቦልቱ ሁለቱን አቅፎ ከታች በብሎን ይጠብቃል። ታዲያ ሻንሲው በውስጥ በኩል ክፍት ስለሆነ፣ ዩ-ቦልቱ ሲጠብቅ የላይና የታች ከንፈሩን እያቀራረበ ያጣምመዋል። መፍትሔው አንዲት ቁራጭ እንጨት ናት። ጠንካራ እንጨት በልክ ተቆርጦ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ይገባል፤ ማጥበቁ በእሱ ላይ ያርፋል። የቦዲ ሠሪዎች መመሪያም ይህንኑ ያዛል። ጭስ ማውጫው በሚያልፍበት በኩል ግን እንጨቱ ሊቃጠል ስለሚችል በብረት ይተካል። የወለሉ አጥንት ከጋቢናው ጀርባ የሚያበቃበት ጫፍም ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ሸክሙ በድንገት አንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ እየሰለለ ይሄዳል። አዲስ ቅጥቅጥ ሊረከብ የሄደ ሰው ወንበሩን ከመዳሰሱ በፊት ጎንበስ ብሎ እንጨቱንና ይህን ጫፍ ቢያይ ይሻለው ነበር። ማን ጎንበስ ይላል! ቀለሙ እያብረቀረቀ።

ቀለሙስ ቢሆን? ከሥሩ ስቱኮ አለ። ላሜራው በመዶሻ ሲጎብጥ የሚቀረውን ጎድጎዳ የሚሞላው እሱ ነው፤ ጥቂቱ ነውር የለበትም። ማግኔት የማይዝበት ጎን ካለ ግን ሠሪው ብረቱን በማስተካከል ፋንታ በስቱኮ ሸፍኖታል ማለት ነው።

ሌላው የተለመደ አባባል «ላሜራው ወፍራም ይሁን» ነው። መኪና ሲገለበጥ ተሳፋሪውን የሚያድነው ላሜራ ሳይሆን አጥንቱ ነው፤ ከግራ ወለል ተነስቶ በመስኮቱ ምሰሶ ወጥቶ፣ ጣሪያውን ዞሮ፣ በቀኝ ምሰሶ ወለል የሚደርስ ቀለበት። የመስኮቱ ምሰሶ ከወለሉ አግዳሚ ጋር ካልተገናኘ ቀለበቱ ተቆርጧል፤ ላሜራው የቱንም ያህል ቢወፍር አይተካውም። የተባበሩት መንግሥታት 66ኛው የተሽከርካሪ ደንብ አውቶቡስን ከ800 ሚሊሜትር ከፍታ መድረክ ላይ በጎኑ ገልብጦ የሚፈትነው ይህንኑ ነው፤ የተሳፋሪው መቀመጫ ቦታ ውስጥ ምንም ብረት መግባት የለበትም።

ወፍራም ላሜራ ክብደት ነው፤ ክብደት ደግሞ በአርሲ ዳገት ይከፈልበታል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ፣ አሰላ 2,400 ገደማ፣ በቆጂ 2,800 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በቆጂ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። የነደራርቱ ቱሉን፣ የነቀነኒሳ በቀለንና የነጥሩነሽ ዲባባን ሳንባ ያሰፋው ይኸው አየር፣ ቱርቦ የሌለውን የናፍጣ ሞተር ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከሳጉሬ ወዲያ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ቅጥቅጥ ከኋላው ለሚሰለፉት ሁሉ የሚያሳየው ይህንን ነው።

በዚህ ላይ ፖርቶ መጋላው አለ። አሥር ኩንታል ገብስ አንድ ቶን ነው፤ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የመኪናውን የክብደት ማዕከል ከፍ አድርጎ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ያጋልጠዋል። ቀለበቱን በጥንቃቄ የሠራው ባለሙያ ይህን ሁሉ አላሰበም ነበር። አይሱዙ በአገራችን «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ያተረፈው በፍጥነቱና በአደጋው ነው፤ ያን ስም ለሻንሲው መስጠት ግን ግፍ ነው።

መስኮቱንም ተንሸራታች አድርጎ የሠራው ሰው ልፋቱ መና ነው። የደጋው ብርድ ሲነካው አንዱ «ንፋስ ገባ!» ይላል፤ ሁሉም ይዘጋል፤ ሃያ ምናምኑ ሰው በራሱ ላብ እየታጠበ አሰላ ይደርሳል።

አሰላ ለብረት ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ የጭላሎ አርሶ አደር ማረሻና የበሬ ጋሪ ያሻሽል ነበር፤ ዛሬም በከተማዋ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለ። ቱቦላሬና ላሜራ እንዲህ ያለ ቦታ መመሪያና መለኪያ ያገኛል፤ ቦዲ ሠሪው ግን ብዙውን ጊዜ ሙያውን ከጌታው እጅ አይቶ የተማረ ነው።

አዲስ ቅጥቅጥ የተረከበ ሰው አንድ ነገር ይቀረዋል። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ወለሉም በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቦታውን እስኪይዝ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ዩ-ቦልቶቹ ሁሉ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፣ ከዚያም በየጊዜው መታየት። ቁልፍ ይዞ ከሥር የሚገባ ረዳት ካለ ሥራው ተሳፋሪ እስኪሞላ ያልቃል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ኩንታል እያሰረ ነው።