የተዘጋውን አንጀት ያለ ቢላዋ መክፈት

ትልቁ አንጀት በነቀርሳ ሲዘጋ ሆድ ይነፋል፤ ካልተደረሰለትም አንጀቱ ይቀደዳል። ቀድሞ የተለመደው መፍትሔ፣ ሕመምተኛው እንደ ደከመ በጥድፊያ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ ብዙ ጊዜም ዓይነ ምድሩ በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ግን ዶህሞቶ የተባሉ ሐኪም በነቀርሳ የጠበበን አንጀት በቱቦ ደግፎ መክፈት እንደሚቻል ጻፉ።

እኔን እጅግ ያስደነቀኝ ብረቱ ነው። ዛሬ ቱቦው የሚሠራው ከኒኬልና ከቲታኒየም ቅይጥ ሽቦ ሲሆን፣ መልኩ ወንፊት ይመስላል። ተጨምቆ በፊንጢጣ በኩል ይገባል፤ ሐኪሙ በካሜራና በራጅ እየተመለከተ ከእብጠቱ መካከል ሲለቀው፣ የቀድሞ ቅርጹን እንደሚያስታውስ ሁሉ በሰውነት ሙቀት ቀስ በቀስ ይሰፋል።

ቱቦው አንጀትን ሊበሳ፣ ከቦታውም ሊንሸራተት ይችላል፤ ነቀርሳውንም አያድንም። ይሁን እንጂ ለቀዶ ሕክምና ለሚዘጋጀው የማገገሚያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ መዳን ለማይችለውም ቀሪ ዕድሜውን በሆዱ ላይ ከረጢት ሳያንጠለጥል እንዲኖር ይረዳዋል።