ዳገት መውጣት ምን ያህል ኃይል ይፈጃል?

እህል ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚወጣ አርሶ አደርም ሆነ በዕረፍት ቀኑ ተራራ የሚወጣ የከተማ ነዋሪ በጉዞው የሚያወጣውን ኃይል በኪሎ ሜትር ብቻ ቢገምት ይሳሳታል። ከርቀቱ ባልተናነሰ የመንገዱ ዳገታማነት፣ የተጓዡ ክብደትና የያዘው ሸክም መጠኑን ይወስኑታልና።

ሰውነት የሚጠቀመው ኃይል የሚለካው በኪሎ ካሎሪ ነው። ዐርፎ የተቀመጠ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በሰዓት አንድ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይጠቀማል። ባለሙያዎች ይህን መጠን “ሜት” ብለው ሰይመው ሌሎች እንቅስቃሴዎች የዚህ ስንት እጥፍ እንደሆኑ ያሰሉበታል። በሜዳ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት መራመድ 3 ነጥብ 5፣ ያለ ሸክም ዳገት መውጣት 6 ነጥብ 3፣ ከ10 እስከ 19 ኪሎ ግራም ተሸክሞ መውጣት ደግሞ 8 ነጥብ 3 ሜት ገደማ ይገመታል።

ግምቱን ለማግኘት የሰውነት ክብደት በጉዞው ሰዓትና በሜት ይባዛል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ለ2 ሰዓት በሜዳ ቢጓዝ 420፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ዳገት ቢወጣ 756፣ ሸክም ይዞ ቢወጣ ደግሞ 996 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል። ከእያንዳንዱ ላይ 120 ያህሉ ሰውየው ቁጭ ብሎ ቢያሳልፍም የሚያወጣው በመሆኑ፣ ጉዞው የጨመረውን ለማወቅ መቀነስ አለበት። ቁልቁለት ሲወርዱ የሚወጣው ኃይል ከዳገቱ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነም የደርሶ መልሱን ጊዜ በሙሉ በዳገት ስሌት ማስላት ግምቱን ያጋንነዋል።

የልብ ምት የሚቆጥሩ የእጅ ሰዓቶች የሚያሳዩት ቁጥርም ግምት ነው። እንደ ስሜን ተራሮች ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ በመሆኑ ልብ ይፈጥናል፤ ሙቀትና ድንጋጤም እንዲሁ ያፈጥኑታል። ልብ በፈጠነ ልክ ግን የሚወጣው ኃይል አይጨምርም።

ስሌቱ ለሁሉም አንድ ቢሆንም የሚያስከትለው ጥንቃቄ ይለያያል። ክብደት ለመቀነስ የሚሻ የከተማ ነዋሪ የተጋነነ ቁጥር አምኖ አብዝቶ ቢመገብ ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። በየዕለቱ ዳገት ለሚወጣ ገበሬ ወይም ውኃ ለምትቀዳ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ግን አሳሳቢው አሳንሶ መገመት ነው። 100 ግራም የገብስ በሶ ዱቄት 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። በምሳሌው የተጠቀሰው የ2 ሰዓት የሸክም ጉዞ የጨመረውን ኃይል ለመተካት ታዲያ 250 ግራም ያህል በሶ ያስፈልጋል፤ ይህም ከዕለቱ መደበኛ ምግብ በተጨማሪ ነው።

ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚያሳየው የሳምንታት ለውጥ ነው። ሚዛን ያለው ክብደቱን በየሳምንቱ ቢመዘን፣ የሌለው ደግሞ የልብሱን መስፋትና የጉልበቱን መድከም ቢያስተውል የሚበላው ከሚያወጣው ጋር መመጣጠኑን ይረዳል። ሳይታሰብ ክብደቱ እየቀነሰ የመጣ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።