ተጨማሪ መረጃ፦ የጾም አይስክሬም በመንዝ

በጾም ወራት ወተትና ቅቤ ለማይቀምስ ቤተሰብ የአይስክሬሙ መሠረት ከጓዳ ይገኛል። ለሱፍ ፍትፍት እንደሚደረገው፣ ሱፉ ቀቀል ተደርጎ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ፈሳሹን ወተት የሚያስመስለው በውኃው ውስጥ የተበተነው ቅባት ነው፤ አይስክሬሙን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። እናቶቻችን ያቆዩት ይህ ሙያ በሳይንስ ክፍል ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

ለጣዕም ወደ አይስክሬሙ የሚገባው አረንጓዴ ሻይ የሚገኘው ከጥቁር ሻይ ተክል ነው፤ ልዩነቱ ከቅጠሉ አዘገጃጀት ይመጣል። በጣም በሞቀ ውኃ ከተዘፈዘፈ ስለሚመር 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል። የመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ስለምትል፣ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ማብረድ ይበቃል።

የተጠለለው ሻይ ከስኳርና ከሱፉ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በትንሽ ብረት ድስት ይደረጋል። ድስቱ ጨው የተነሰነሰበት የተከሰከሰ በረዶ በያዘ ባልዲ ውስጥ ይቀመጣል። ጨው በረዶው የሚቀልጥበትን ሙቀት ከዜሮ በታች ያወርዳል፤ በተመጣጠነ መጠን ሲገባ እስከ −21 ዲግሪ ይደርሳል። በረዶው እየቀለጠ ሙቀትን ከድስቱ ይስባል። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ማማሰሉ ከተቋረጠ ውኃው በትላልቅ ቅንጣቶች ይረጋና አይስክሬሙ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ስኳሩ ደግሞ ከውኃው ከፊሉ እንዳይረጋ ይከለክላል፤ ስኳር ያነሰው አይስክሬም ይጠጥራል።

ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ በመንዝ ጓሳ አካባቢ ውርጭ በሚበረታባቸው የበጋ ሌሊቶች በዝርግ ትሪ ደጅ ያደረ ውኃ በረዶ ሊሠራ ይችላል። በረዶው ፀሐይ ሳትወጣ መሰብሰብ አለበት። በማማሰሉ ጊዜም ጨዋማው ውኃ ወደ ድስቱ እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረግ።