ለምህንድስና ሥራ የሚሆን ካልኩሌተር እንዴት ይመረጣል?

በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ጣሪያ ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚያሰላ መሐንዲስ የማዕዘኑን ሳይን ሲጠይቅ 0.707 ማግኘት አለበት። ካልኩሌተሩ በራዲያን ተስተካክሎ ከሆነ ግን 0.851 ያሳየዋል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ስለሚመስሉ ስህተቱ ሳይታወቅ ወደ ንድፉ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ካልኩሌተር ሲመረጥ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የቁልፎቹ ብዛት ሳይሆን፣ መሣሪያው በዲግሪ ወይም በራዲያን እየሠራ መሆኑን መስኮቱ ላይ በግልጽ ማሳየቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ዓይነት ነው። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለተለዋዋጭ ጅረት ስሌት ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን የሚያሰላ ያስፈልገዋል። የሕንጻ መሐንዲስ ደግሞ ማትሪክስንና በርካታ ያልታወቁ ቁጥሮች ያሏቸውን እኩልታዎች የሚፈታ ይፈልጋል። እንደ ካሲዮ ኤፍኤክስ-991 ያሉት ሁለቱንም ይሠራሉ።

ውድ መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ብሔራዊ የሒሳብ ፈተና የሚፈቀደው ፕሮግራም የማይጫንበትና ድምፅ የማያሰማ ካልኩሌተር ብቻ ነው። በአሜሪካ የመሐንዲሶች የሙያ ፈቃድ ፈተናም የተፈቀዱት ሞዴሎች ጥቂት ናቸው። ግራፍ የሚሥል ውድ ካልኩሌተር የገዛ ተፈታኝ ከበር ሊመለስ ይችላል።

እአአ በ1972 ሂውሌት-ፓካርድ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የኪስ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ ኤችፒ-35፣ ዋጋው 395 ዶላር ነበር። ዛሬ ከዚያ በእጅጉ በረከሰ ዋጋ የተሻለ አቅም ያለው ይገኛል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን መልሱን አስቀድመው የሚያውቁትን አንድ ስሌት እዚያው ሱቁ ውስጥ መሞከር ይበጃል።