ነባር ዝርያቸውን ከቦታ ስም ጋር ያስተሳሰሩ የወይን ገበሬዎች

በሰሜን ኢጣሊያ ፒየሞንቴ ክልል ባርባሬስኮ የምትባል አነስተኛ የገበሬ መንደር አለች። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብታዎች በወይን ተክል የተሸፈኑ ናቸው። የመንደሯ ስም ዛሬ በዓለም ገበያ ውድ ከሚባሉት ቀይ ወይን ጠጆች በአንዱ ጠርሙስ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከ130 ዓመታት በፊት ግን አብዛኛው የመንደሯ ገበሬ የወይን ፍሬውን በአቅራቢያዋ ላለው ለታዋቂው ባሮሎ ጠማቂዎች ይሸጥ ነበር። ድካሙ የእርሱ፣ ስሙ የሌላ ሆኖ ቆይቷል።

የባሮሎም ሆነ የባርባሬስኮ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው ኔቢዮሎ ከተባለ የአካባቢው ነባር ዝርያ ነው። የዝርያው መጠሪያ በኢጣሊያንኛ ጉም ማለት ከሆነው «ኔቢያ» ከሚለው ቃል እንደመጣ ብዙዎች ይናገራሉ። ፍሬው የሚደርሰው ዘግይቶ፣ በጥቅምት ገደማ ኮረብታዎቹ በማለዳ ጉም በሚሸፈኑበት ወቅት ነው።

ኔቢዮሎ ለገበሬ ቀላል ተክል አይደለም። ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ውርጭ ያሰጋዋል፤ ዘግይቶ ስለሚበስል ደግሞ በመከር ሰዓት የሚጥል ዝናብ ያገኘዋል። ጥሩ ምርት የሚሰጠውም ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ተዳፋት መሬት ላይ ነው። ወይን ጠጁ ገና እንደተጠመቀ አፍ የሚያኮማትር ሲሆን፣ በበርሜል ውስጥ ሲቆይ ግን ይለዝባል። መጠበቅ ደግሞ ጎተራና ገንዘብ ይጠይቃል። ለአንድ ባለ አነስተኛ ማሳ ገበሬ ብቻውን የሚወጣው ሸክም አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው በመደራጀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 በአልባ ከተማ የወይን ጠጅ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ዶሚዚዮ ካቫዛ ዘጠኝ የባርባሬስኮ ወይን አልሚዎችን አሰባስበው የኅብረት መጥመቂያ አቋቋሙ። ገበሬዎቹ ፍሬያቸውን አንድ ላይ ጠምቀው በራሳቸው መንደር ስም መሸጥ ጀመሩ። ይሁንና ማኅበሩ በፋሽስቱ አገዛዝ ዘመን ተዘጋ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ከማሳው የሚገኘው ገቢ አነስተኛ ነበርና ብዙ ወጣቶች መሬቱን ትተው ወደ ቱሪን ፋብሪካዎች ያቀኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የመንደሯ ቄስ ዶን ፊዮሪኖ ማሬንጎ 19 ገበሬዎችን አስተባብረው ማኅበሩን እንደገና አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ምርት የተጠመቀው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። ዛሬ ማኅበሩ 50 ያህል አባላት አሉት። አባላቱ የኔቢዮሎ ምርታቸውን በሙሉ ለማኅበሩ የማስረከብ ግዴታ አለባቸው። የተሻለውን ለነጋዴ አሳልፎ፣ የተረፈውን ለማኅበር ማምጣት አይፈቀድም።

ስሙን የሚጠብቀው ደግሞ ሕግ ነው። ባርባሬስኮ እ.ኤ.አ. በ1966 የአገሪቱን የቦታ ስም ጥበቃ ሲያገኝ፣ በ1980 ወደ ከፍተኛው ደረጃ ከፍ ብሏል። በሕጉ መሠረት ወይን ጠጁ ከኔቢዮሎ ብቻ መጠመቅ አለበት። ፍሬውም ከባርባሬስኮ፣ ከኔይቬ፣ ከትሬይዞና ከአልባ ከፊል መሬት ውጪ ሊመጣ አይችልም፤ እርጥበት ያለበት የሸለቆ ግርጌም የተከለከለ ነው። ከአንድ ሄክታር የሚሰበሰበው ከ80 ኩንታል መብለጥ የለበትም። ለገበያ ከመቅረቡ በፊትም ቢያንስ 26 ወራት፣ ከእነዚህም ዘጠኙን በእንጨት በርሜል ውስጥ ይቆያል። ገበሬው የምርቱን ብዛት በፈቃዱ ቀንሶ በጥራቱ ዋጋ ያገኛል ማለት ነው።

ያው ኔቢዮሎ ከስዊዘርላንድ ድንበር አጠገብ ባለው ቫልቴሊና ሸለቆ ኪያቬናስካ ይባላል። በዚያ ማሳው ያለ ጭቃ በተካበ የድንጋይ እርከን ላይ ያረፈ ነው። የካቦቹ ርዝመት ቢቀጣጠል 2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሆን ይነገራል። ማሽን ስለማይገባበት አብዛኛው ሥራ በእጅ ይሠራል። ካቡ በየጊዜው ካልተጠገነ አፈሩም ተክሉም አብረው ይሄዳሉ።

ሁሉም ነባር ዝርያ ግን እንደ ኔቢዮሎ ዕድለኛ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለችው ሥር አጥቂ ተባይ ከአሜሪካ መጥታ የአውሮፓን የወይን ማሳ አወደመች። ገበሬው የዳነው ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የራሱን ዝርያ ቅርንጫፍ በማዳቀል ነው። ማሳው እንደ አዲስ ሲተከል ግን በየትኛው ዝርያ ይተከል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በሰሜን ምሥራቋ ፍሪዩሊ ብዙዎች ከውጭ የመጡ ዝርያዎችን መረጡ፤ ስኪዮፔቲኖ የተባለው ነባር ቀይ ወይንም ሊጠፋ ተቃረበ። በኋላም ለተከላ በተፈቀዱ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ባለመካተቱ፣ ሊተክለው የሚሻ ገበሬ ቢኖር እንኳ ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975 ከተጨመቀ ወይን ልጣጭ አረቄ የሚያወጣው የአካባቢው ኖኒኖ ቤተሰብ፣ ስኪዮፔቲኖንና ሌሎች ነባር ዝርያዎችን ለሚታደጉ ገበሬዎች ሽልማት አዘጋጀ። ጥቂት ገበሬዎችም በየማሳው ጥግ የቀሩትን ተክሎች ፈልገው ቅርንጫፋቸውን አባዙ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፈቃዱ ተገኘ፤ ዛሬ ስኪዮፔቲኖ በስሙ ይሸጣል።

የባርባሬስኮና የፍሪዩሊ ተሞክሮ የሚያሳየው ነባር ዝርያ መኖሩ ብቻ ገበሬን እንደማይጠቅም ነው። ዝርያውን በማሳው የሚያቆይ ገበሬ፣ ምርቱን የሚያሰባስብ ማኅበርና ስሙን የሚመዘግብ አስተዳደር ያስፈልጉታል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የባርባሬስኮ ገበሬ ፍሬውን በሌላ ስም ሸጧል፤ የፍሪዩሊው ደግሞ ዝርያውን ለማጣት ተቃርቦ ነበር።