ከውሃው ጋር የሚመጣ

እርጎ የናጠ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም፣ የቆዳ ክሬም ሳይንስን በእጁ ነክቶታል። ወተት በውሃ ውስጥ የተበተነ የስብ ቅንጣት ነው። ቅሉ ሲናጥ ቅንጣቶቹን የሸፈነው ስስ ልባስ ይቀደዳል፤ ስብ ከስብ ይያያዝና አሬራው ለብቻው ይቀራል። የወጣው ቅቤም ንጹሕ ስብ ብቻ አይደለም። የፋብሪካ ቅቤ ከመቶ 16 ያህሉ በስቡ መካከል ታስሮ የቀረ ውሃ ነው። ወተት በውሃ ውስጥ ያለ ስብ፣ ቅቤ ደግሞ በስብ ውስጥ ያለ ውሃ ነው ማለት ነው። ቆዳ ላይ ቶሎ የሚሰርገው ሎሽን የወተት ዘመድ ነው፤ ወዙ ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ከባድ ክሬም ብዙ ጊዜ ለቅቤ ይቀርባል።

ዘይትና ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ቢበጠበጡ ለጥቂት ደቂቃ የተስማሙ ይመስላሉ፤ ጠርሙሱ ሲቀመጥ ግን ዘይቱ ተመልሶ ይንሳፈፋል። መሃላቸው ሽማግሌ መግባት አለበት። ኢመልሲፋየር የሚባለው እሱ ነው፤ አንድ ጫፉ ውሃ፣ ሌላው ጫፉ ስብ የሚወድ ሞለኪውል። ስብ ወዳዱን ጭራ የዘይቱ ጠብታ ውስጥ ሰክቶ ራሱን ወደ ውሃው ያዞርና ጠብታውን ዙሪያውን ይከበዋል። ሁለት ጠብታዎች ቢጋጩ እንኳ ዘይቱ ከዘይቱ ስለማይነካካ ሳይዋሃዱ ይተላለፋሉ። የእንቁላል አስኳል ማዮኔዝን የሚያቆመው በውስጡ ባለው ሌሲቲን አማካይነት እንዲሁ ነው። ክሬም ነጭ የሚሆነውም ነጭ ነገር ስለተጨመረበት አይደለም፤ የተበተኑት ጠብታዎች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚመልሱት ነው። ወተትም የሚነጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሽማግሌ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዊልያም ግሪፊን የተባለ ኬሚስት በ1949 እ.ኤ.አ. ኢመልሲፋየሮችን ከ0 እስከ 20 የሚመዝን መለኪያ አቀረበ። ከ3 እስከ 6 ያሉት ለስብ ስለሚያደሉ ቅቤ መሰል ክሬም ይሠራሉ፤ ከ8 በላይ ያሉት ለውሃ ስለሚያደሉ ሎሽን ያወጣሉ። አንዱን በሌላው ተክቶ ያው ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

ደጋግሜ የምሰማው ስሕተት ንጹሕ ሰም ብቻውን ክሬም ያቆማል የሚለው ነው። እኔም አምኜበት ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሰም፣ ከወይራ ዘይትና ከእሬት ጭማቂ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ያማረ ነገር ወጣው። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ክሬሙ አልቅሶ አገኘሁት፤ ውሃው እንደ ጤዛ አናቱ ላይ ተንጠባጥቧል። ሰም ያደነድናል እንጂ አያስታርቅም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን ሰም፣ የወይራ ዘይትና የጽጌረዳ ውሃ ይቀላቅል እንደነበር ይነገራል። ድብልቁ ቆዳ ላይ ሲቀባ ደካማው ትስስር ስለሚፈታ ውሃው ይተንናል፤ ይህ የሚሰጠው ቅዝቃዜ ነው ለዚህ ዓይነቱ ክሬም «ቀዝቃዛ» የሚል ስም ያተረፈለት። ኋላ ላይ ቦራክስ ተጨመረበት። ቦራክስ ከሰሙ አሲዶች ጋር ሲገናኝ እዚያው ድስቱ ውስጥ ሳሙና ይፈጥራል፤ አስታራቂው ሳሙናው ነው። ዛሬ ቦራክስ በአውሮፓ ኅብረት ለመዋለድ ጤና ጎጂ ተብሎ ስለተመደበ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ክሬም አልመርጠውም።

የሚሻለው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ የሚባለው ነው። ስሙ ሰም ቢልም ከንብ ጋር ዝምድና የለውም፤ በብዛት ከሴቴሪል አልኮልና ከፖሊሶርቤት 60 የተዘጋጀ ነው። ለ100 ግራም ሎሽን 70 ግራም የተጣራ ውሃ፣ 3 ግራም ግሊሰሪን፣ 20 ግራም ዘይት፣ 6 ግራም ዋክስና 1 ግራም መከላከያ ይበቃል። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለካ፤ ሁለት ግራም ዋክስ ቢጎድል ሎሽኑ ሊበጠስ ይችላል። ውሃውና ዘይቱ በየዕቃቸው፣ በፈላ ውሃ ላይ ተቀምጠው፣ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሙቁ። አንዱ ቀዝቅዞ ቢቀላቀል ዋክሱ ሥራውን ሳይጨርስ ይረጋና ሎሽኑ ይጓጉላል። ከዚያ በእጅ መፍጫ መምታት፣ እስኪቀዘቅዝም ማማሰል ነው። ዘይቱን በተመለከተ እኔ ሰሊጥን ከኑግ አስቀድማለሁ። ሁለቱም ለቆዳ ይስማማሉ፤ የኑግ ዘይት ግን ከአየር ጋር ቶሎ የሚገናኝ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚበዛበት በቶሎ ይሸታል። ሰሊጥ ከመሽተት የሚጠብቀው፣ ተፈጥሮ የሰጠችው የራሱ መከላከያ አለው።

አሁን ሰው የሚከራከርበት ላይ ደረስን፤ አንዷ ግራም መከላከያ። «ተፈጥሯዊ ነው የምሠራው፣ ኬሚካል አልጨምርም» የሚል ሰው ብዙ ነው። መፈራት ያለበትን ነገር ግን የሚያመጣው ውሃው ነው። ውሃ ባለበት ባክቴሪያና ሻጋታ ይኖራል፤ በተለይ የእሬት ጭማቂ ወይም የቅጠል መረቅ ከገባበት ድግስ ተደገሰላቸው ማለት ነው። ደግሞም ብልሽቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ሳይሸት፣ ቀለሙ ሳይለወጥ የተበከለ ክሬም ቁስል ያለበት ቆዳ ላይ ወይም ዓይን አጠገብ ሊቀባ ይችላል። ቫይታሚን ኢ ይከላከላል የሚሉ አሉ። እሱ የሚከላከለው የዘይቱን መሽተት ነው፤ ባክቴሪያን አይነካም።

እናቶቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ቅቤ የሚነጠረው ለሽታው ብቻ አይደለም። ውሃው ተንኖ፣ የአሬራው ቅሪት ታች ዘቅጦ ሲጠለል ነው ለወራት የሚቆየው። ለጋ ቅቤ ግን ቀናት ሲቆይ ይከረፋል። ውሃውን ያወጣ መከላከያ አያስፈልገውም፤ ውሃውን የተወ ግን ያስፈልገዋል። ፊኖክሲኤታኖል አንዱ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እስከ 1 በመቶ ይፈቅደዋል፤ ሎሽኑ ለብ ሲል ይጨመራል። ሶዲየም ቤንዞኤት የሚመርጥ ደግሞ የፒኤች ወረቀት ይግዛ፤ ከ5 በታች ካልሆነ እምብዛም አይሠራም። ሁለቱንም የማይፈልግ ጥቂት ሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጥና በጥቂት ቀናት ይጨርሰው።

ወይም ውሃውን ጭራሹን ይተወው። በጋምቤላ ከሚበቅለው ዛፍ የሚወጣው የሺያ ቅቤ፣ ትንሽ የሰሊጥ ዘይትና ትንሽ ሰም አብረው ቀልጠው ሲረጉ ኢመልሲፋየርም መከላከያም የማይሻ ቅባት ይወጣቸዋል። እርጥብ ጣት ወደ ዕቃው እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ነው። የማውቃት አንዲት ሴት ገላዋን ታጥባ ሳትደርቅ ነው የምትቀባው። ውሃው ያኔ ከቆዳዋ ላይ ይገኛል፤ መዳፏ እያሸ ለጥቂት ደቂቃ ይቀላቅለዋል፤ የሚቀመጥ ነገር ስለሌለም የሚበላሽ የለም።