ሥዕል ለመማር ከባሌ መውጣት የግድ ነው?

ሮቤ ወይም ጎባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ፣ እጁ ለሥዕል የታደለ ልጅ “የት ሄጄ ልማር?” ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አባቱ በልጅነቱ ይሰማው ከነበረው አይለይም፤ አዲስ አበባ። ሥዕልን በዲግሪ ደረጃ መማር ሲነሳ ዛሬም ቀድሞ የሚጠራው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ከሮቤ እስከዚያ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መንገዱ ራሱ ብዙም አያስቸግርም፤ አውቶቡስ አለ፣ ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያም አላት። ችግሩ የሚጀምረው ከደረሱ በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈተው በተግባር ፈተና ሲሆን፣ ፈተናው ልጁን ማንም አስተምሮት የማያውቀውን ነገር ይጠይቀዋል።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ከዋና ከተማው ይውጣ የሚለው ክርክር ዕድሜው ረጅም ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳውም “ለእኛም ኮሌጅ ይከፈትልን” በሚል ጥያቄ ነው። እኔ ግን የባሌን ጉዳይ ባሰብኩት ቁጥር ቋጠሮው ያለው ከኮሌጁ በፊት ይመስለኛል፤ ከስምንተኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ባሉት ዓመታት ውስጥ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ወደ 1950 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ሠዓሊ መሆን የሚሻ ሰው ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም እየበጠበጠ፣ የጌታውን እጅ እየተከተለ ማደግ ነው። ሌላው እንደ አገኘሁ እንግዳ ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ መማር ነው፤ ይህ ግን የጥቂቶች ዕጣ ነበር። ከቺካጎ የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምረው የተመለሱት የፍቼው ተወላጅ አለ ፈለገሰላም ሦስተኛ መንገድ ከፈቱ። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕልን በክፍልና በዓመት የተደለደለ፣ በመምህራን የሚመራ መደበኛ ትምህርት አደረገው። ብዙ ሳይቆይ ከጀርመን፣ ከኮሎኝ የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታና በለንደንና በፓሪስ የቆየው እስክንድር ቦጎስያን አስተማሩበት። ዘሪሁን የትምጌታ፣ ወሰኔ ኮስሮፍ፣ በኋላም ኤልያስ ስሜ የወጡት ከዚሁ ግቢ ነው። ትምህርት ቤቱ ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ፤ ዛሬ በ2008 ዓ.ም. ያረፉትን የመሥራቹን ስም ይዞ ይጠራል።

ይህ ሁሉ ለአገር ትልቅ ውለታ ነው። የዘመናዊ ሥዕላችን ግማሽ ታሪክ በአንድ ግቢ ተጻፈ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን መምህሩ፣ ዐውደ ርእዩ፣ ሥዕል ገዢው፣ የዘይት ቀለም የሚሸጠው ሱቅ ሳይቀር በዚያው ከተማ ተከማቸ። ከክልል የሚመጣው ተማሪ እያንዳንዱን ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ምን እንደሚገጥመው በቅርብ እንየው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቀለም ከመንካቱ በፊት ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከእርሳስና ከከሰል ጋር ነው። ክንዱን ይዘረጋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ከአገጭ እስከ አናት በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣቱ መካከል ይለካል። ከዚያ ያ ልኬት እስከ እግር ጥፍር ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ይቆጥራል። ያልተማረ እጅ ፊት ሲሥል ዓይንን ወደ ግንባር አስጠግቶ ያስቀምጣል፤ ሁላችንም በልጅነታችን ያደረግነው ነው። ለክቶ ያየ ተማሪ ግን ዓይን ከአናትና ከአገጭ መሃል ለመሃል መሆኑን በገዛ እጁ ያረጋግጣል። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እንደገና ይጀመራል። ሁለተኛው ቀርቶ አሥረኛው ንድፍ እንኳ መምህሩን ላያስደስት ይችላል። ቅብ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኅትመት ጥበብ፣ ኢንዱስትሪያል ዲዛይን ወይም የሥነ ጥበብ መምህርነት ተብሎ መለያየት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በሥራ ላይ የሚደረገው ውይይት ነው። ተማሪው ሥራውን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና መምህራንና ጓደኞቹ እየተፈራረቁ ይጠይቁታል፦ ይህ ጥላ ከየት መጣ? ይህን ቀይ ለምን እዚህ አሳረፍከው? አንደኛ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ለመጣ የሮቤ ልጅ ይህ ሰዓት ድርብ ፈተና ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ የስቱዲዮው ጨዋታ በአብዛኛው አማርኛ ነው፣ የልጅነት ትዝታው ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው የተቀመጠው። ሥዕሉ ላይ የሚታየውን ነገር በቃል ማስረዳት ሲያቅተው ሐሳብ የሌለው እንዳይመስል የሚከላከልለት መምህር ያስፈልገዋል።

ወጪውም ቀላል አይደለም። ጥሩ የዘይት ቀለም፣ አክሪሊክና ብሩሽ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወደ ላይ ወጥቷል። ዘመድ አዲስ አበባ ያለው ተማሪ ምሳውን እዚያ በልቶ ለቀለም ይቆጥባል። ከባሌ የመጣው ያ ዕድል ላይኖረው ይችላል። የመመረቂያ ዐውደ ርእይ ሲደርስ ደግሞ ሸራው ይሰፋል፣ ቀለሙ ይበዛል፤ የአራት ዓመት ድካም የሚታየው በዚያ ሳምንት ስለሆነ ማንም ቆጥቦ መቅረብ አይፈልግም።

አሁን ወደ ባሌ እንመለስ። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ሥዕልና ሙዚቃ በአንደኛ ደረጃ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ነበሩ። በተግባር ግን የሥዕል ክፍለ ጊዜ በብዙ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ ማካካሻ ወይም የነፃ ሰዓት ሆኖ ማለፉን በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ቴአትርንና ሥዕልን “የክወናና የእይታ ጥበባት” በሚል አንድ ትምህርት አድርጎ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አስገብቶታል። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። ሆኖም አራት ሙያ በአንድ መምህር ትከሻ ላይ ወድቋል። ክራር የሚያውቀው መምህር ክራሩን፣ መድረክ የሚወደው መድረኩን ያስተምራል፤ ሥዕሉ ለሚችለው ሰው ይጠብቃል። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ደግሞ እርሳስ ይዞ ሰው እያየ የሚለካ ልጅ የሚያርመው ሰው ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው። አለ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የሚጠብቀው ፈተና የሚለካው ግን ይህንኑ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ምደባም የራሱን ጫና አሳድሯል። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መንግሥት ሰባ በመቶ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ የሚል ቀመር ይዞ ሠራ። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተወለዱት በዚያ ቀመር ውስጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም የዚያ ትውልድ ልጅ ነው፤ ዋናው ግቢው ሮቤ፣ ሆስፒታሉና የጤና ትምህርቱ ጎባ። ስንዴ አምራች ለሆነ አገር ግብርናና ሕክምና መቅደማቸውን የሚቃወም የለም፤ እኔም አልቃወምም። ጥያቄዬ ዩኒቨርሲቲው ለአካባቢው እጅና ዓይን ምን ቦታ ሰጠ የሚለው ነው።

ምክንያቱም ባሌ ሥዕል የማያውቅ አገር አይደለም። ቁርአን ቤት የተቀመጠ ሕፃን በሎህ ላይ የሚጽፈውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ይመሰክራል። እንጨቱ ተልጎ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ከጥቀርሻ ይበጠበጣል፣ የመቃው ጫፍ ሰያፍ ይቆረጣል። ልጁ አንዱን ፊደል ወፍራም ጀምሮ ቀጭን ይጨርሳል፤ ሲሸመድደው ሰሌዳው ይታጠብና ለነገ ይደርቃል። በመቃ ጫፍ የመስመርን ውፍረት መግዛት የሥዕል ትምህርት ነው፣ ማንም በዚያ ስም ባይጠራውም። የጎባ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ሌላ ትምህርት ናቸው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ምዕመናን የሚይዙት ጫፉ እንደ መንታ ቅርንጫፍ የተከፈለ በትር፣ ገበያ ላይ የሚደረደሩት የስፌት ዕቃዎች፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው የወተት ዕቃ፣ ለበዓል የሚሸለመው የፈረስ ዕቃ ሁሉ ቅርጽንና ጌጥን የሚያውቅ እጅ ሥራ ናቸው። በላያቸው ደግሞ የሳነቴ አምባ አለ፦ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጉም ሲነሳ የጅብራ ግንዶች ብቻ የሚታዩበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድንበት ምድር። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የአካባቢን እጅ ወደ ስቱዲዮ ማስገባት እንደሚቻል ያሳየን ከራሳችን ሰው ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በሸማኔ ቤት ያለውን የቀርከሃ ስንጥር ገጣጥሞ እንደ ሸራ ሥሎበታል። ቀርከሃ በባሌው ሀረና ደን ውስጥም ይበቅላል። ናይጄሪያም ትልቅ ማስረጃ ናት። በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ገና እግሩን ሲተክል፣ ከሌጎስ ርቃ በምትገኘው ዛሪያ የሚማሩ ወጣቶች የዛሪያ የሥነ ጥበብ ማኅበርን መሠረቱ። ከእነሱ አንዱ ኡቼ ኦኬኬ ከቢያፍራ ጦርነት በኋላ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ የኢግቦ ሴቶች በገላና በግድግዳ ላይ የሚሥሉትን “ኡሊ” የተባለ የመስመር ጥበብ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አደረገው። ሁለቱም ከተሞች ዋና ከተማ አልነበሩም። የንሱካ ስም ዛሬ በአፍሪካ ሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ የሚጠራው ያንን የእናቶች እጅ ተቀብሎ ስላስገባ ነው።

በአገራችንም ከአዲስ አበባ ውጭ ሥራ መሥራት እንደሚቻል ያሳዩ አሉ። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ለማ ጉያ ቢሾፍቱ ላይ የአፍሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየምን አቋቁመው፣ በቆዳ ላይ እየሣሉ ወጣቶችን አስተምረዋል። አንድ ሠዓሊ በገዛ ግቢው ይህን ካደረገ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም።

የወላጆችን ስጋት አቃልዬ አላልፍም። “ሥሎ ምን ይበላል?” የሚለው ጥያቄ ከፍቅር የሚመነጭ ነው። በየከተማው ጥሩ እጅ የነበራቸው ወጣቶች ታፔላ እየጻፉ፣ የሱቅ ግድግዳ እየሣሉ ይኖሩ ነበር፤ የባነር ማተሚያ ማሽን ሲመጣ ሥራቸው ተነጠቀ። ነገር ግን ማሽኑ የሚያትመውን የሚነድፍ ሰው ያስፈልገዋል። የፓርኩን ዕፅዋትና እንስሳት ለመማሪያ መጽሐፍ የሚሥል፣ ለቱሪስት የሚሸጠውን ዕቃ አዲስ ቅርጽ የሚያወጣለት፣ ከሁሉም በላይ ያን የስምንተኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ በሚገባ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። የመጨረሻው የሥራ መስክ ዛሬውኑ ክፍት ነው፤ ደመወዙም በመንግሥት በጀት ተይዟል።

ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከሮቤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ ለአንደኛ ደረጃ መምህር ያፈራል፤ አራቱን ጥበባት ለአንድ ሰው ከማሸከም ይልቅ ሥዕልን ዋና ሙያው ያደረገ መምህር ቢያወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሲናና፣ በዲንሾና በጎባ ትምህርት ቤቶች ለክቶ መሣል የሚያውቁ ልጆች ይኖራሉ። ያኔ ስለ ሥነ ጥበብ ኮሌጅ መነጋገር ትርጉም ይኖረዋል፤ የሚገባበት ተማሪ ይኖራልና። በዚህ መሃል የመምህራን ኮሌጁን አንድ ክፍል ስቱዲዮ አድርጎ ቅዳሜ ቅዳሜ መክፈት ይቻላል። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እርሳስ፣ ከሰልና ርካሽ ወረቀት እንጂ ከውጭ የሚገባ ቀለም አይፈልግም። ከሰል ደግሞ ባሌ ሞልቷል።

የመግቢያ ፈተናውም ቢሆን የግድ አዲስ አበባ መሰጠት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይሰጣል፤ ተማሪ ማስገባት፣ ማስተኛት፣ መፈተን ዩኒቨርሲቲዎቻችን የለመዱት ሥራ ሆኗል። አለ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ልኮ መዳ ወላቡ ግቢ ውስጥ ለባሌና ለአጎራባች ዞኖች የንድፍ ፈተና ቢሰጥ፣ የሮቤዋ ተማሪ ለትራንስፖርትና ለአልጋ የምታወጣው ገንዘብ ይቀርላታል፤ ወላጆቿም ልጃቸውን ወደማታውቀው ከተማ ብቻዋን መላክን ከመፍራታቸው የተነሳ “ይቅርብሽ” አይሏትም። ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው። የሁለት መምህራን የጉዞ አበልና የአንድ አዳራሽ ቁልፍ ከዚያ በጀት መውጣት ይችላሉ፤ የሚጎድለው የሁለቱ ተቋማት የጋራ ደብዳቤ ነው።